ከየካ ሚካኤል በላይ የጠጣነው ቡና

አባቴ የስፖርት መምህር ነበር። ዓመቱን ሙሉ የሰው ልጆች ሲያስሮጥ ይከርምና፣ ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚያስሮጠው ሰው ያጣል። ያኔ ተራው የኛ ይሆናል።

የምንኖረው ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ላይ፣ ሰፈሩ አልቆ ኮረብታው ሊጀምር ሲል፣ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። ከጓሯችን ወጥተን ጥቂት ከተራመድን ባሕር ዛፉ ውስጥ ነን። ከዚያ በኋላ መንገድ የሚባል ነገር የለም። እንጨት ተሸካሚ ሴቶች በእግራቸው የጠረጉት ቀጭን መውጫ አለ፤ በክረምት ውሃ የሚወርደውም በዚያው ነው። እኛም ውሃው በሚወርድበት እንወጣለን።

ከእሑድና ከበዓል በስተቀር በየቀኑ፣ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ አባቴ ቱታውን ለብሶ መሀል ቤት ይቆምና ፊሽካ ይነፋል። እኔ ዘልዬ እነሳለሁ። በአራት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ ብርድ ልብሷን እንደተከናነበች «ዛሬ ይዘንባል» ትላለች፤ በሐምሌ የማይዘንብበት ቀን ያለ ይመስል። እናቴ ፊሽካ አያስፈልጋትም ነበር። ከሁላችን ቀድማ ተነስታ፣ ቡናውን አፍልታ፣ ቀይ ፔርሙዝ ውስጥ ገልብጣ፣ አራት ስኒ በፎጣ ጠቅልላ ዘንቢል ውስጥ ከታ ትጠብቀናለች።

ቡናው ቤት አይጠጣም። የአባቴ ሕግ ነው። «ቡና የሚጠጣው የሠራ ሰው ነው» ይላል፤ ሥራ የሚለው ዳገቱን መውጣት ነው። ፔርሙዙ የሚከፈተው ጫፍ ላይ ስንደርስ፣ ሦስት ጽዶች አንድ ላይ የቆሙበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ስንቀመጥ ብቻ ነው። እዚያ ሆነን ጉሙ ከተገለጠ ከተማው በሙሉ ከእግራችን ሥር ይታያል፤ መገናኛ፣ ከዚያ ወዲያ ቦሌ፣ ቦሌ የሚያርፉት አውሮፕላኖች። ጉሙ ካልተገለጠ የሚታየው የራሳችን ስኒ ነው።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ክረምት ለሷ የዕረፍት ጊዜ አይደለም፤ መስከረም ከመጥባቱ በፊት የሰፈሩ ልጆች ዩኒፎርም ሁሉ በሷ እጅ ነው የሚያልፈው። ከዳገት እንደወረደች ጭቃዋን ታጥባ የስፌት መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች፤ እስኪመሽ አትነሳም። እቤት ለመቅረት ከማናችንም በላይ ምክንያት ነበራት። ግን አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም። ለምን እንደማትቀር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

አባቴ እቤት ውስጥ አያወራም ነበር። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ዝም ብሎ አያወራም። ይበላል፣ ሬዲዮ ይሰማል፣ ይተኛል። እናቴ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ደንበኞቿ ስትነግረው «እህ» ይላል። ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ነው። ላቡን ጠርጎ የመጀመሪያውን ስኒ ፉት ሲል አንደበቱ ይፈታል። ተማሪ ሳለ ስለሮጣቸው ውድድሮች ያወራል፣ አስተማሪዎቹን እየመሰለ ያስቀናል። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ከእናቴ ጋር የተዋወቁበትን ነው። ለትምህርት ቤቶች ውድድር የደረት ቁጥር የምትሰፋው እናቴ ነበረች። የአባቴን ስድስት ቁጥር ገልብጣ ሰፋችውና ዘጠኝ ሆነ። አባቴ ሦስተኛ ወጣ፤ ሜዳሊያው ግን ለዘጠኝ ቁጥር ተጠራ፤ ዘጠኝ ቁጥር የሆነው ልጅ ደግሞ ሩጫውን እንኳ አልጨረሰም።

«ሄጄ ልጮህባት አልነበር?» ይላል አባቴ። «መርፌዋን በጥርሷ ነክሳ ቀና ብላ አየችኝ። ጠፋብኝ የምለው።»

«ዋሽተሃል፣ ጮኸህብኛል» ትላለች እናቴ። እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች። በያንዳንዱ ክረምት ቢያንስ አስር ጊዜ ሰምተነዋል፤ አስር ጊዜም እንደ አዲስ ትስቅ ነበር። ስትወርድ ለብቻዋ ፈገግ እያለች ነው የምትወርደው። እናቴ ዳገቱን የምትወጣው ለዚህ ነበር። ባሏን የምታገኘው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

እኔ የአባቴ ልጅ ነበርኩ። እግሬ ቀላል ነው፣ ትንፋሼ አይቆራረጥም፤ አባቴ ሯጭ ይወጣታል ብሎ ወስኗል። የሩጫ ሰዓቱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከጓሯችን እስከ ጽዶቹ ድረስ ይለካኛል። ሠላሳ አምስት ደቂቃ፣ ሠላሳ አራት ደቂቃ። ስንቱን ጊዜ እኛ ደርሰን ተቀምጠን፣ ላባችን በላያችን ላይ ደርቆ፣ ብርዱ አጥንታችን ሲገባ እናቴና እህቴ ገና ከታች ሲመጡ ድምፃቸውን እንሰማለን። አባቴ ሰዓቱን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። መጀመሪያ ላይ ራስ መነቅነቅ ብቻ ነበር።

አስራ ሁለት ዓመት በሆነኝ ክረምት እናቴ ይበልጥ ዘገየች። ሃያ እርምጃ ትሄድና ባሕር ዛፍ ተደግፋ ትቆማለች። ታስላለች። ፊቷ ጉንጯ ላይ ይቀላል፣ ከንፈሯ ግን አመድ ይመስላል። ማታ ማታ እግሯ ስለሚያብጥ ጫማዋን በግድ ነው የምታወልቀው። እህቴ ይህን ሁሉ ታየዋለች። እኔ ያየሁት መዘግየቷን ነው።

አንድ ጠዋት እህቴ ደፍራ፣ «አባዬ፣ ቀስ ብለን እንሂድ፣ እማዬ ትንፋሽ ያጥራታል» አለችው።

«የሚያጥራት ስለማታሠራው ነው» አላት። «ቀን ሙሉ መኪና ላይ ተቀምጣ። ይህች ዳገት ናት የምታድናት።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ነው መቀለድ የጀመረው። «ተሳቢ» ብሎ ስም አወጣላት። ጫፍ ላይ ቁጭ ብለን ድምጿን ስንሰማ፣ «መጣች ተሳቢዋ፣ ማርሽ ቀይራለች» ይላል። እኔ ከሣቄ ብዛት ድንጋዩ ላይ እንከባለላለሁ። አባቴን ማሳቅ ደግሞ እፈልግ ነበር፤ እሱን ማሳቅ ሰዓት ከማሻሻል አይተናነስም። እናም ስሙን ወሰድኩት። «እማዬ፣ ፍሬን ያዢ» እላለሁ ስትወርድ። «ነዳጅ አለቀ እንዴ» እላለሁ ስትቆም። እናቴ ትስቃለች። ለመሳቅ የሚበቃ ትንፋሽ ሳይኖራት ትስቃለች። አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት በቀለለኝ።

ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታ ተያዘ። እናቴ ጾሙን እንደ እናቷ ነበር የምትጾመው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀርባት። አባቴ ደግሞ «ስፖርተኛ አይጾምም» ብሎ እኔንና እህቴን ከልክሎናል። ስለዚህ እነዚያን ሁለት ሳምንታት እናቴ ባዶ ሆዷን ዳገቱን ወጥታ፣ የማትጠጣውን ቡና ተሸክማ፣ ለሦስታችን ቀድታ፣ ስኒውን አለቅልቃ መልሳ ትወርድ ነበር። ያኔ የማንም ልብ አልከበደውም። እሷም ደስ እያላት የምታደርገው ነው የሚመስለው፤ ምናልባትም ደስ ይላት ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ሰዓቴን ላሻሽል ነበር። አባቴ ከፊቴ፣ እኔ ከኋላው፤ ግማሽ ላይ ስንደርስ ከታች እህቴ «ጠብቁን» ብላ ጮኸች። አባቴ ሰዓቱን አቆመ። ቆምን። እናቴ አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጣ ደረቷን ይዛለች። ወርደን አጠገቧ ደረስን። ሰዓቴ ተበላሽቷል፣ ተናድጃለሁ፣ እርጥብ ነኝ።

«እማዬ፣ አንቺ ከምትመጪ ፔርሙዙ ብቻውን ቢመጣ ይሻል ነበር» አልኳት።

አባቴ ሳቀ። ድንገት ያመለጠው ሳቅ ነው፤ ወዲያው አፉን ያዘ፣ ግን ስቋል። እናቴ እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው፣ ከዚያ እሷም ሳቀች። «እውነቷን ነው» አለች። «በየት በኩል እግር ልቀጥልለት?» እህቴ ብቻ አልሳቀችም።

በማግስቱ ፊሽካው ሲነፋ እናቴ እንደ ልማዷ ተነስታ ቡናውን አዘጋጅታ ጠበቀችን። ጉሙ ከባድ ነበር፤ ሦስት ሜትር ወደፊት አይታይም። እኔና አባቴ እንደ ልማዳችን ቀደምን። ጫፍ ደርሰን ከተቀመጥን ከጥቂት ጊዜ በኋላ እህቴ ዘንቢሉን ይዛ ብቻዋን መጣች።

«እናትሽስ?» አላት አባቴ።

«ግንዱ ላይ ዐረፍ ብላለች። ቡናው እንዳይቀዘቅዝባችሁ አድርሺላቸው፣ ትንፋሼን ሰብስቤ እመጣለሁ አለችኝ።»

ፔርሙዙን ከፈትን። እህቴ ቀዳች። አባቴ ስለ አንድ የድሮ አሠልጣኙ ማውራት ጀመረ፤ ረጅም ታሪክ ነው፣ ጥሩ ታሪክም ነበር። ሁለተኛ ስኒ ጠጣን። ዝናብ ጀመረ፤ አባቴ ላስቲክ ዘረጋልንና ሥሩ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ሦስተኛውንም ቀዳን። ብርድ ነው፣ ቡናው ትኩስ ነው፣ አባቴ ያወራል። ከልጅነቴ ጠዋቶች ሁሉ የተመቸኝ አንዱ እሱ ነበር፤ ይህንን ልሸሽገው አልፈልግም። ስንነሳ ስንት ሰዓት እንደቆየን አላውቅም። ሰዓት አንገቱ ላይ ያሰረው ሰው እንኳ አላየም።

ስንወርድ ግንዱ ላይ ማንም የለም። አባቴ «ወርዳለች፣ ዩኒፎርሟ አስቸኩሏት ነው» አለ። ጥቂት ዝቅ እንዳልን ከጉሙ ውስጥ የሴቶች ድምፅ ሰማን። ሁለት እንጨት ተሸካሚዎች ናቸው። ሸክማቸውን ጥለዋል። አንደኛዋ፣ ጠና ያለችው፣ እናቴን ከኋላዋ በፎጣዋ አዝላ፣ ሌላዋ ከሥር በገመድ ደግፋ፣ በዚያ ጭቃ እየተንሸራተቱ ያወርዷታል። የእናቴ ጭንቅላት በሴትዮዋ ትከሻ ላይ ተጥሏል። ከአፏ ሮዝ አረፋ ይወጣል። ድምፅ አላት፤ ውሃ በተዘጋ ቧንቧ ሲያልፍ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ።

አባቴ ሮጦ ደረሰና ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። ሴትዮዋ ዞር ብላ አየችው፤ ቱታውን፣ አንገቱ ላይ ያለውን ሰዓት፣ ከኋላው እኛን፣ በእህቴ እጅ ያለውን ዘንቢል።

«ሚስትህ ናት?» አለችው።

«አዎ።»

«የት ነበርክ?»

መልሱን አልጠበቀችም። እናቴንም አልሰጠችውም። እስከ አስፋልቱ ድረስ እነሱ ናቸው ያወረዷት፤ እኛ ሦስታችን ከኋላ ተከተልን። ታክሲ ውስጥ አስገብተዋት ሸክማቸውን ሊያነሱ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ አይተናቸው አናውቅም። አባቴ ፈልጎ አላመሰገናቸውም። እኔም አልፈለግኋቸውም።

ሆስፒታል ሐኪሙ የልቧ በር ጠቧል አለ፤ በልጅነቷ የታመመችው የጉሮሮ ሕመም ጥሎባት የሄደ ነው፣ ሳንባዋ ውሃ ይዟል። ወጣት ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። «ከዚህ በፊት ተመርምራ ታውቃለች?» ብሎ አባቴን ጠየቀው።

«አታውቅም» አለ አባቴ።

እህቴ ቀና ብላ አየችው። እኔ ያኔ ለምን እንደዚያ እንዳየችው አልገባኝም።

እናቴ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ኖረች። በሦስት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነው የምትተኛው። ዩኒፎርሞቹ ለሌላ ሰፊ ተሰጡ። ቡና ተከለከለች። በቀጣዩ ክረምት ፊሽካ አልተነፋም፤ አባቴ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ተቀምጦ ዝናቡን ያያል፣ እሷ አልጋዋ ላይ ሆና እሱን ታያለች። በመካከላቸው ስድስት እርምጃ ነው። አንድ ቀን፣ «እስቲ የዘጠኝ ቁጥሩን አውራልኝ» ስትለው ሰምቻለሁ። «ምኑን አወራዋለሁ፣ ታውቂው የለ» አላት። እሷም መልሳ አልጠየቀችውም። በጥቅምት ሞተች።

ለቀስተኛው ሁሉ «ምን ዓይነት ባልና ሚስት ነበሩ፣ አብረው ተራራ የሚወጡ» ይል ነበር። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። እህቴ ከዚያ ክረምት ጀምሮ ለአባቴ ሰላምታ ብቻ ነው የምትሰጠው፤ ትዳር ይዛ ኮተቤ ከሄደች በኋላ ሰላምታውም ቀረ። እኔ ሯጭ አልሆንኩም። አባቴም ሰዓቱን ዳግመኛ አንገቱ ላይ አላደረገውም። የቢሮ ሠራተኛ ሆንኩ።

ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ አባቴ እኔ ጋ መጣ። ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለበት፣ ቀኝ ጉልበቱ አይታጠፍም። ሐኪሙ «በእግርዎ ይንቀሳቀሱ፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ረዘም አድርገው ይሂዱ» ስላለው ባለፈው ክረምት ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በመኪና እንጦጦ እወስደው ጀመር። ቦታውን የመረጠው እሱ ነው። እዚያ አሁን ፓርክ ተሠርቷል፤ መንገዱ የተነጠፈ ነው፣ መቀመጫ አለው፣ ወጣቶች በጆሮ ማዳመጫ ይሮጣሉ፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። ጭቃ የለም።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ክንዱን ይዤው ነበር የምሄደው። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቅዳሜ ግን፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ክንዱን ለቀቅሁት። ትንሽ ቀላል ዳገት ነበር። ሳስበው ሳላስበው እግሬ ፈጠነ። ከኋላዬ ከዘራው አስፋልቱን ሲመታ ይሰማኛል፣ ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ቆዪ እንጂ» አለ።

ሰምቼዋለሁ። አልቆምኩም።

«የኔ ልጅ፣ ቆዪኝ።»

አሁንም አልቆምኩም። ደስ አለኝ። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ እግሬ እንደ ልጅነቴ ቀለለኝ። ማዞሪያውን አልፌ ካፌው በረንዳ ላይ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሁለት ማኪያቶ አዘዝኩ። እሱ ሲመጣ የሱ ቀዝቅዞ ነበር። ፊቱ ገርጥቷል። ተቀመጠ። ለምን አልቆየሽኝም አላለም። ያላለው ነገር ነው ያናደደኝ፤ ያን ጊዜ ነው የጠየቅሁት።

«አባዬ፣ እማዬ መታመሟን ታውቅ ነበር? ከዚያ ጠዋት በፊት።»

ማኪያቶውን ሲያማስል ቆየ። ስኳር አልጨመረበትም፣ ግን ያማስላል።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። አንተን ነው የምጠይቅህ።»

«አውቅ ነበር» አለ። «እኔ ነኝ ያስመረመርኳት። በዚያው ዓመት፣ ፋሲካ ከመድረሱ በፊት። ልቧን ነው፣ ዳገት አትውጣ፣ ከባድ አትሸከም አሉን።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አላመንኳቸውም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ትንፋሽ ሳሠለጥን ነው የኖርኩት። ደካማ ልጅ ሲጠነክር አይቻለሁ። ልብም ጡንቻ ነው፣ ከሠራ ይበረታል አልኩ። ደግሞ እሷም ቅሪ ብላት አትቀርም። አንድ ቀን ቅሪ ብያት አልቅሳለች።»

«ቅሪ አልካት?»

«አንድ ቀን።»

«እሺ፣ ትምጣ። ቀስ ብለህ መሄድ ምን ነበረበት? አብረሃት መሄድ?»

ወደ ዛፎቹ አየ። መልስ ቢያጣ፣ ዝም ቢል፣ ቢያለቅስ፣ ምናልባት እጁን እይዘው ነበር። እሱ ግን ወደኔ ዞረ፤ ፊቱ ላይ ድሮ ሰዓት ሲይዝብኝ የማውቀው ዓይነት ነገር ነበረ።

«አንቺስ?» አለኝ። «አንቺ ከምትመጪ ፔርሙዙ ብቻውን ቢመጣ ያልሻት አንቺ አይደለሽም? ሆስፒታል ተኝታ ያንን ነበር የምትደጋግመው። ልጄ እንዲህ አለችኝ፣ ልጄ እንዲህ አለችኝ ስትል ነበር።»

ተነሳሁ። እሱም ተነሳ። በመኪና ሲ.ኤም.ሲ ተመለስን። ደረጃውን ሲወጣ ክንዱን ያዝኩት፤ መያዝ ስላለብኝ ነው የያዝኩት።

በሳምንቱ ኮተቤ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። የልብስ ገመድ ላይ ልብስ ትሰበስብ ነበር፤ ሊዘንብ ነው። አባቴ ያለውን ነገርኳት። ልብሱን ክንዷ ላይ እንደያዘች ቆማ ሰማችኝ።

«ውሸቱን ነው» አለች። «ያስታመምኳት እኔ ነኝ። አንድ ቀን አንስታው አታውቅም። ስላንቺ ያወራችው ያንቺን ዩኒፎርም እጅጌ ሳልገጥመው ቀረሁ እያለች ነው።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ ይለኛል?»

«ብቻውን ላለመሸከም ነዋ። ምን ታደርጊዋለሽ?»

ልብሱን አልጋ ላይ አስቀመጠችና ማጠፍ ጀመረች። እኔም አብሬያት አጠፍኩ። ሳታየኝ፣ «እኔም አውቅ ነበር» አለች። «ከሐኪም የመጡ ቀን ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ሰምቻቸዋለሁ። እማዬ ለልጆቹ እንዳትነግር ብላዋለች። ሁሉን አውቄ ነው ጥያት የወጣሁት።»

«እሷ ናት ሂጂ ያለችሽ።»

«ብላኛለች። ግን ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ሁልጊዜ ከኋላ፣ ሁልጊዜ ከሷ ጋር፣ እናንተ ላይ ሆናችሁ ስትስቁ ከታች እየሰማሁ። ያን ቀን አንዴ ልቀመጥና ልስማው ብዬ ነው ሮጬ የወጣሁት። ሦስተኛውን ስኒ ማን ቀዳው? እኔ ነኝ። ዝናቡን እያየሁ ቀዳሁ።»

ልጅ ነበርሽ ልላት ፈልጌ ነበር፤ እኔም ልጅ ነበርኩ፣ ግን ያ ነገር ለኔ አንድ ቀን ሠርቶልኝ አያውቅም። አንሶላውን ጫፍና ጫፉን ይዘን አጠፍነው። ዝናቡ መጣ። ስሄድ ሸኘችኝ፤ በር ላይ «አባባስ እንዴት ነው?» አለችኝ። ከስንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ ጊዜ ነው። «ደህና ነው» አልኳት። «ሰላም በይው» አላለችኝም።

እህቴን አምናታለሁ ማለት እፈልጋለሁ። ነገር ግን እህቴ ሰውን በማስታመም ያደገች ናት፤ ለታመመ ሰው የማይነገር ነገር እንዳለ ከማንም በላይ ታውቃለች። አባቴም ዋሽቷል ማለት እፈልጋለሁ፤ አንድ ጊዜ ለሐኪሙ ሲዋሽ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን ልጄ እንዲህ አለችኝ ያለበት አባባል የእናቴ አነጋገር ነው፤ ድምጿን ሰማሁት። ሁለቱን ሳመዛዝን ሌሊቱ ነግቶብኝ ያውቃል፣ የተረፈኝ ግን የለም። እናቴን መጠየቅ አልችልም። ብትኖርም ኖሮ ትስቅ ነበር።

አባቴ አሁንም እኔ ጋ ነው። ጠዋት መድኃኒቱን እሰጠዋለሁ፣ እግሩ ላይ ቁስል እንዳይኖር አያለሁ፣ ፀጉሩን በየወሩ አስቆርጠዋለሁ። ጎረቤቶቼ «የተባረክሽ ልጅ» ይሉኛል። እንጦጦ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አልሄድንም። ዘንድሮ ሐምሌ ሲገባ ጃኬቱን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ሳሎን ተቀምጦ አገኘሁት።

«ዛሬ አንሄድም?» አለኝ።

«ጭቃ ነው አባዬ» አልኩት።

መንገዱ የተነጠፈ መሆኑን እሱም ያውቃል። በመስኮቱ ትንሽ ውጭውን አየና «እሺ» አለ። ጃኬቱን አወለቀ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀኝም።